ወገብ ሲያም፦ በሙቀት፣ በእጅና በእንቅስቃሴ ሕመምን ቤት ውስጥ ማስታገስ

አንድም ቀን «ወገቤን ያዘኝ» ያላለ አዋቂ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ውሃ ከሩቅ ቀድታ የምትመለሰው ሴት፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አጎንብሶ የሚውለው ሠራተኛ፣ ከንጋት እስከ ምሽት መሪ የሚይዘው የታክሲ ሹፌር ሁሉም ያውቁታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም ነበረባቸው፤ ከአሥሩ የዘጠኙ ያህል ሕመም ደግሞ ስብራት፣ ኢንፌክሽን ወይም ዕጢን ከመሰለ ተለይቶ ከሚታወቅ በሽታ የመጣ አይደለም። እንዲህ ያለው ሕመም ድንገት ሲጀምር ቢያስጮኽም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። በእነዚያ ሳምንታት ቤት ውስጥ ምን ማድረግ እንደሚገባና ከምን መቆጠብ እንደሚያስፈልግ እዚህ በዝርዝር አስረዳለሁ።

ሥራዬ ማሸት ነው። ከወጌሾችም ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችም ተምሬያለሁ፤ ሁለቱም ወገኖች ሲሠሩ አይቼ የደረስኩበት ነገር ቢኖር የማሸት ጥቅሙ ብዙ ሰው እንደሚያስበው አለመሆኑ ነው። «ዲስኩ ተንሸራቷል፣ እመልሰዋለሁ» ወይም «ጅማቱ ዞሯል፣ አስተካክለዋለሁ» ሲባል እንሰማለን። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ግን ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች ጋር ጸንቶ የተያያዘ ስለሆነ በጣት ተገፍቶ የሚመለስ ነገር አይደለም። ምንም ሕመም የሌለባቸው ሰዎች የተነሡትን የአከርካሪ ምስል የመረመሩ ጥናቶች ተሰባስበው እ.ኤ.አ. በ2015 ሲታተሙ፣ በ20 ዓመት ዕድሜ ላይ ካሉት 37 በመቶ፣ በ80 ዓመት ዕድሜ ላይ ካሉት ደግሞ 96 በመቶ የሚሆኑት ዲስካቸው የማርጀት ምልክት ታይቶበታል፤ ስለዚህ በኤምአርአይ የታየው ሁሉ የሕመሙ ምክንያት ነው ብሎ መደንገጥ አይገባም። ማሸት የተኮማተረውን ጡንቻ ያላላል፣ የሕመም ስሜቱን ለጊዜው ያበርዳል፣ የፈራውን ሰው ያረጋጋል። ይህ እፎይታ ለሰዓታት፣ ቢበዛ ለጥቂት ቀናት የሚቆይ ነው። ታማሚው በዚያ ጊዜ ተነሥቶ ከተንቀሳቀሰ ማገገሙ ይፋጠናል፤ ታሽቶ ተመልሶ ከተኛ ግን ሕመሙ በማግሥቱ እዚያው ይጠብቀዋል።

እጅ ከመንካቱ በፊት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአርባዎቹ ዕድሜ የምትገኝ አንዲት እናት ለሦስት ወር ያህል ሌላ ቦታ ስትታሽ ቆይታ ወደ እኔ መጣች። ጣቴን በአከርካሪዋ ላይ ከላይ ወደ ታች ሳሳልፍ አንዱ አጥንት ከሌሎቹ ወጣ ብሎ እንደ ትንሽ ጉብታ ቆረቆረኝ። ሌሊት ሌሊት ላብ ያጠምቅሽ እንደሆነ ብዬ ስጠይቃት አንሶላው እስኪርስ ድረስ እንደሚያልባት፣ ቀሚሶቿም ሁሉ እንደሰፏት ነገረችኝ። እጄን አነሣሁና ያን ቀን ሳላሻት ወደ ሆስፒታል ላክኋት፤ ተመርምራ የአከርካሪ ቲቢ ሆኖ ተገኘ። በአገራችን ቲቢ (የሳንባ ነቀርሳ) ብዙ ስለሆነ፣ ከሳምንታት ያለፈ የወገብ ሕመም ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብ ወይም ከክብደት መቀነስ ጋር ሲመጣ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው እሱ ነው። ያልፈላ ወተት መጠጣት ልማድ በሆነበት አካባቢም ብሩሴሎሲስ የተባለው ከከብት የሚተላለፍ በሽታ እንዲሁ ትኩሳትና የወገብ ሕመም ያስከትላል። ሁለቱም በመድኃኒት ይድናሉ፤ በማሸት ግን አይድኑም፣ ጊዜም ያልፍባቸዋል።

ከሁሉም የሚያጣድፍ አንድ ሁኔታ አለ። ሽንቱን ወይም ሰገራውን መቆጣጠር ያቃተው ወይም ሽንት አልወጣ ያለው፣ በብልቱና በመቀመጫው አካባቢ የደነዘዘው፣ እግሮቹ እየሰነፉ የሄዱ ሰው ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መድረስ አለበት። በወገብ በኩል ወደ ታች የሚወርዱት ነርቮች ተጨምቀው ሊሆን ስለሚችል ሰዓታት ባለፉ ቁጥር የማይመለስ ጉዳት ይከተላል። ከዚህ ሌላ ከፍ ካለ ቦታ ወድቆ ወይም በመኪና አደጋ የተጎዳ፣ ካንሰር ታክሞ የሚያውቅ፣ በዕድሜ የገፋና በትንሽ መንሸራተት ወገቡን የታመመ፣ ከወገቡ ሕመም ጋር ሽንት ሲሸና የሚያቃጥለውና የሚያንቀጠቅጠው ሰው ከመታሸቱ በፊት መመርመር ይገባዋል።

ወገብ ብቻ ሳይሆን እግርም የሚያሻ ሰው ሌላ ጥንቃቄ አለበት። አንደኛው ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆና ሲነካ አሞ ከተገኘ ፈጽሞ መታሸት የለበትም፤ በደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊኖር ይችላል፣ እሱም ተላቅቆ ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላል። ነፍሰ ጡርን ሆዷን ማሸት አይገባም፤ ጀርባዋን በጎኗ አስተኝቶ በለሆሳስ ማሸት ግን ይቻላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በቀላሉ ስለሚደማ ጠንካራ ጫና አይደረግበትም።

ሙቀት

ጡንቻ ከመታሸቱ በፊት ቢሞቅ ለእጅ ይታዘዛል። ወፍራም ፎጣ በሞቀ ውሃ ነክሮ፣ አጥብቆ ጨምቆ፣ በደረቅ ጨርቅ ሸፍኖ ወገብ ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማቆየት ይበቃል። ሙቀቱን የሚለካው የሚያሸው ሰው በክንዱ የውስጥ ቆዳ ነው፤ እዚያ ላይ ለጥቂት ጊዜ አቆይቶ መታገሥ ካልቻለ ለታማሚውም ይበዛል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ቆዳው ሙቀቱን በትክክል ላይነግረው ይችላል፤ ሳይታወቀው ተቃጥሎ የቆሰለ አይቻለሁና ለእሱ ለብ ያለ ብቻ ይደረግ። የፈላ ውሃ በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልቶ ማቀፍም የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ያ ስስ ፕላስቲክ ለፈላ ውሃ የተሠራ ባለመሆኑ ይኮማተራል፣ ክዳኑም ሊያፈስ ይችላል፤ ለዚሁ ተብሎ የተሠራውን የጎማ ከረጢት መግዛት ይሻላል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ከፍል ውሃው አጠገብ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ሰው ቁርጥማቱን ይዞ ወደ ፍልውሃ፣ ወደ ሶደሬ፣ ወደ ወንዶ ገነት የሚወርደውም በከንቱ አይደለም። ሙቅ ውሃ ውስጥ ሰውነት ይቀልላል፣ ጡንቻም ይላላል። እዚያ የሄደ ሰው ውሃው ውስጥ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ጉልበቱንና ወገቡን ቀስ ብሎ ቢያንቀሳቅስ የበለጠ ይጠቀማል። የልብ ሕመም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ግን በጣም ከሚሞቀው መራቅ አለባቸው።

እግር ወለም ብሎት ገና ትኩስ ሆኖ ያበጠ ሰው ነገሩ ይለያል፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሙቀትም ማሸትም እብጠቱን ያብሳል። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማድረግና እግሩን ከፍ አድርጎ መቀመጥ ይሻላል፤ አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ ደግሞ ራጅ መነሣት አለበት።

ማሸት

ለማሸት ልዩ አልጋ አያስፈልግም፤ የስፖንጅ ፍራሽ መሬት ላይ ይነጠፍ። አልጋ ላይ ከሆነ ፍራሹ ስለሚሰምጥ የሚያሸው ሰው ጉልበት ሁሉ ወደ ስፖንጁ ይገባል፣ በዚያ ላይ የራሱን ወገብ ያማል። የሚታሸው ሰው በሆዱ ይተኛ፤ ከሆዱ ሥር ስስ ትራስ፣ ከቁርጭምጭሚቱ ሥር የተጠቀለለ ጋቢ ይደረግለት፣ ግንባሩን በተደራረቡ እጆቹ ላይ ያሳርፍ። በሆድ መተኛት የሚከብደው በጎኑ ተኝቶ በጉልበቶቹ መካከል ትራስ ይያዝ። ክፍሉ የሚበርድ ከሆነ የማይታሸው የሰውነት ክፍል ይሸፈን፤ የበረደው ሰው ጡንቻው አይላላም።

ለቅባት የሰሊጥ ወይም የወይራ ዘይት መልካም ነው። እናቶቻችን የሚጠቀሙበት ለጋ ቅቤም ያገለግላል፤ ከሁሉም የሚፈለገው እጅ ቆዳውን ሳይጎትት እንዲንሸራተት ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ለሙሉ ጀርባ ይበቃል፤ ዘይቱም በቀጥታ ጀርባ ላይ ሳይሆን በመዳፍ ላይ ፈስሶ፣ በመዳፍ መካከል ሞቆ ነው የሚቀባው።

መጀመሪያ ሁለቱን መዳፎች ወገቡ ላይ አሳርፈው ምንም ሳያደርጉ ለአምስት ለስድስት ትንፋሽ ይቆዩ። ይህን ብዙዎች ጊዜ ማባከን አድርገው ይዘሉታል፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምጠነቀቅለት ደረጃ ነው። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ትንፋሹ ሲረዝም፣ ከመዳፍዎ ሥር ያለው ጡንቻም ሲለሰልስ ይሰማዎታል፤ ለመታሸት መዘጋጀቱን የሚነግርዎት ይህ ነው። ከዚያ ክንዶችዎን ሳያጥፉ፣ በጣት ጉልበት ሳይሆን በሰውነትዎ ክብደት ወደ ፊት እያዘነበሉ፣ መዳፎችዎን ከወገብ ጀምረው በአከርካሪው ግራና ቀኝ እስከ ትከሻ ድረስ ይግፉ፤ ሲመለሱ በጎኑ በኩል ቀለል አድርገው ይመለሱ። ይህን አሥር ጊዜ ያህል ቀስ ብለው ይደጋግሙት። አከርካሪው ራሱ፣ ማለትም መሐል ላይ የሚቆረቁረው አጥንት፣ መቼም ቢሆን አይጫኑት።

ቀጥሎ ከአከርካሪው ጎን እንደ ገመድ ሆነው የሚወርዱትን ሁለት ወፋፍራም ጡንቻዎች ይፈልጉ። በመዳፍዎ የታችኛው ክፍል፣ ከእጅ አንጓ አጠገብ ባለው፣ ትንንሽ ክብ እየሠሩ ከወገብ ወደ ላይ ይውጡ። በመሐል አንድ ቦታ ላይ ከሌላው ጠንከር ያለ፣ ሲነካ «እዚህ ነው!» የሚያሰኝ ቋጠሮ ያገኛሉ። አውራ ጣትዎን እዚያ ላይ አሳርፈው ሌላኛውን አውራ ጣት ከላይ ደርበው ቀስ እያሉ ይጫኑ፤ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ሳያንቀሳቅሱ ይያዙና ቀስ ብለው ይልቀቁ። ሕመሙን ከአሥር ስንት እንደሚሰጠው ይጠይቁት፤ ከአምስት ከበለጠ ጫናውን ይቀንሱ። ሰው ግን አፍሮ ወይም ጀግንነት መስሎት «ምንም አይደለም» ይላልና የእግሩን ጣቶች ይመልከቱ፤ ከተኮማተሩ ወይም ትንፋሹን ከያዘ በዝቶበታል። ሳያሳምም ያሸው እጅ ምንም እንዳልሠራ የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ፤ ጡንቻ ግን በጣም ሲያመው ራሱን ለመከላከል መልሶ ይጠነክራል፣ ልፋቱም ለበለዘ ቆዳ ብቻ ይቀራል።

አብዛኛው ሰው ወገቡን ሲያመው መቀመጫው ይረሳል። ከዳሌ አጥንት በታች ያሉት ትልልቅ ጡንቻዎች ሲጠነክሩ ሕመሙን ወደ ወገብም ወደ ጭንም ያዛምታሉ። ታማሚው ልብሱን እንደለበሰ፣ ላዩ ላይ ፎጣ ጣል አድርገው፣ የተጨበጠ እጅዎን በጡንቻው ወፍራም ክፍል ላይ አሳርፈው ቀስ ብለው ክብደትዎን ይስጡት። አጋዥ የሌለው ሰው የቴኒስ ኳስ ከመቀመጫው ሥር አድርጎ ግድግዳ ተደግፎ ወይም መሬት ላይ ተኝቶ ይህንኑ ለራሱ ማድረግ ይችላል። በመጨረሻም በመጀመሪያው ረጅም መግፋት፣ እያቀለሉ፣ ይጨርሱ። ሁሉም ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃዋል፤ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ማድረግ ይቻላል። ከመጨረሻው የጎድን አጥንት በታች በጀርባ በኩል ያለው የኩላሊት ቦታ ግን በቡጢ አይመታም፣ በኃይልም አይጫንም።

ታሽቶ ከተነሡ በኋላ

ታማሚው ቀጥ ብሎ አይነሣ። ወደ ጎኑ ይዙር፣ ጉልበቶቹን ያጥፍ፣ በእጁ መሬቱን ገፍቶ ይቀመጥ፣ ጥቂት ቆይቶ ይቁም። ከዚያም ወዲያውኑ አሥር ደቂቃ ይራመድ፤ ግቢ ውስጥም ቢሆን። ቀደም ሲል ወገቡን የታመመ ሰው ለሳምንት ጠንካራ ሰሌን ላይ እንዲተኛ ይመከር ነበር፤ ዛሬ የሚታወቀው ከአንድ ሁለት ቀን ያለፈ መተኛት ማገገምን እንደሚያዘገይ ነው።

ሦስት እንቅስቃሴዎችን ጠዋትና ማታ እመክራለሁ። አንደኛው በጀርባ ተኝቶ አንድ ጉልበት በሁለት እጅ ወደ ደረት ስቦ 20 ሴኮንድ መያዝ፣ ከዚያ ሌላውን፣ እያንዳንዱን አምስት ጊዜ። ሁለተኛው በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ጀርባን እንደምትንጠራራ ድመት ወደ ላይ ማጉበጥና ወደ ታች ማውረድ፣ አሥር ጊዜ። ሦስተኛው በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን አጥፎ መቀመጫን ከመሬት ማንሣትና አምስት ሴኮንድ ይዞ ማውረድ፣ አሥር ጊዜ፤ ይህ የመቀመጫን ጡንቻ ያጠነክራል። ሕመሙ ወደ እግር እየወረደ የሚሄድበትን እንቅስቃሴ ማቆም ይገባል፤ ከእግር እየሸሸ ወደ ወገብ የሚሰበሰብበትን ግን መቀጠል ይቻላል።

ሥራውም መታየት አለበት። እናቴ ለዓመታት ወገቧን ትታመም ነበር፤ እኔም በየሳምንቱ አሻታለሁ፣ በየሳምንቱም ይመለስባታል። አንድ ቅዳሜ ልብስ ስታጥብ ተቀምጬ አየኋት፦ ሳፋው መሬት ላይ ነው፣ እሷ ደግሞ ቆማ ከወገቧ ታጥፋ ሁለት ሰዓት ሙሉ ታሻለች። ሁለት ብሎኬት ደራርቤ ሳፋውን ላዩ ላይ አስቀመጥኩላት፣ እሷንም ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ከዚያ በኋላ ወገቧን እንዳሻት የምትጠራኝ አልፎ አልፎ ብቻ ሆነ። ምጣድዎ፣ ሳፋዎ፣ የቡና ረከቦትዎ፣ የኮምፒውተርዎ ስክሪን የሚገኙበት ከፍታ ከማንኛውም ቅባት በላይ ወሳኝ ሊሆን ይችላል።

እምቢ ሊባሉ የሚገባቸው

ልጅ ጀርባ ላይ አቁሞ ማስረገጥ በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ለወጣት ጡንቻ ላይጎዳ ይችላል፤ አጥንቷ የሳሳ አሮጊት ላይ ግን የአከርካሪ አጥንት ሊሰብር ስለሚችል ይቅር። በአንዳንድ ፀጉር ቤት ከመላጨት በኋላ አንገትን ድንገት ጠምዝዞ ማንጫጫት አለ፤ ይህ በአንገት በኩል ወደ አንጎል የሚሄደውን የደም ሥር ሊቀድ ስለሚችል «አንገቴን አትንካ» ማለት ነውር አይደለም። ቆዳ በምላጭ ተበጥቶ የሚደረግ ዋግምት በተበከለ ስለት ምክንያት ኤችአይቪንና የጉበት ቫይረስን ሊያስተላልፍ ይችላል።

ስለ ወጌሻም ልናገር። የእግር ኳስ ቡድን ሐኪሙን ሳይቀር ወጌሻ ብለን የምንጠራው ሙያው በመካከላችን የተከበረ ስለሆነ ነው፤ ወለምታን በጥሩ እጅ የሚያስታግሱ ብዙዎችንም አውቃለሁ። አደጋው ያለው በስብራት ላይ ነው። የተሰበረ እጅ ወይም እግር በቀርከሃ ተጠፍንጎ ሲታሰርና ሲያብጥ ደሙ ይታገዳል፤ በዚህ ምክንያት እጃቸውን ያጡ ሕፃናት አሉ። የታሰረው አካል ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ፣ ወይም ሕመሙ ከመታሰሩ በፊት ከነበረው ከባሰ ማሰሪያው በዚያችው ደቂቃ ይፈታና ወደ ሆስፒታል ይኬድ።

ሕመሙ ለወራት የቆየበት ሰው የወገብ ቀበቶ ገዝቶ ሲያስር ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም ቀበቶንም አከርካሪ መጎተትንም አይመክርም፤ እንቅስቃሴን ግን ይመክራል፣ ማሸትንም ከሚረዱት መካከል ያስቀምጣል።

ቅጠላ ቅጠልና ኪኒን

ዝንጅብል በሻይ መጠጣት ለማቅለሽለሽ ይረዳል፤ ለወገብ ሕመም ግን ብዙ አይጠበቅበትም። ጤና አዳም በቡና ውስጥ ቢሸትም ነፍሰ ጡር ልትርቀው ይገባል፣ ጭማቂውም ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲመታው ያቃጥላል። በርበሬ እንዲያቃጥል የሚያደርገው ካፕሳይሲን የተባለ ንጥረ ነገር በፋብሪካ ተመጥኖ ለመገጣጠሚያ ሕመም በቅባት መልክ ይሸጣል፤ ይህን የሰማ ሰው ግን ከጓዳ በርበሬ አውጥቶ ቆዳው ላይ እንዳይለጥፍ አደራ እላለሁ።

ዳይክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ያለ ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ለወራት መዋጥ የተለመደ ሆኗል። ለጥቂት ቀናት ያስታግሳል፤ ሲቆይ ግን ጨጓራን ያቆስላል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ግፊት፣ የኩላሊት ወይም የጨጓራ ሕመም ያለበት ሰው ከሐኪም ጋር ሳይማከር አይውሰደው።

ከስድስት ሳምንት በኋላም ሕመሙ ካልቀለለ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ወይም ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ሲሄዱ ሕመሙ የጀመረበትን ቀን፣ የሚብስበትንና የሚቀልበትን ሁኔታ፣ ስንት ጊዜ እንደታሹ፣ የዋጡትን ኪኒንና የጠጡትን ቅጠል ሁሉ በወረቀት ጽፈው ይያዙ። ብዙ ሰው ስለ ቅጠሉና ስለ ወጌሻው ለሐኪም መናገር ያፍራል፤ ሐኪሙ ግን ካልተነገረው የሚያዝዘው መድኃኒት ከቅጠሉ ጋር ይጋጭ እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።